«ያልተነካ ነው ብለን እንሽጠው?»

ጥያቄ፦ የደብረ ብርሃን ከተማ ነዋሪ ነኝ። ከሦስት ዓመት በፊት ያረፈው አባታችን በደርግ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ በሆቴል ባንድ ጊታር ይጫወት ነበር። ወደ አገሩ ሲመለስ ይዞት የመጣው ፌንደር ትዊን ሪቨርብ የተባለ ባለ ቲዩብ (አምፖል መሰል የመስታወት ዕቃዎች ያሉት) አምፕሊፋየር፣ ማለትም የጊታር ድምፅ ማጉያ፣ እስካሁን ከሳሎናችን ጥግ ብርድ ልብስ ለብሶ ተቀምጧል። የፊቱ ቆርቆሮ ብርማ ነው፣ ጽሑፉ ሰማያዊ ነው። አባታችን ለአንድ የሬዲዮ ጠጋኝ ሰጥቶ ብዙ ነገር አስቀይሮበታል፦ በ220 ቮልት እንዲሠራ ትራንስፎርመሩ ተለውጧል፤ ከሁለቱ ስፒከሮች አንደኛው ሌላ ነው፤ በጀርባው በኩል ተበስቶ አንድ ማብሪያ ማጥፊያ ገብቶበታል፤ ልባሱም በቡናማ ቆዳ መሰል ነገር ተቀይሯል። «ማስተር» የሚለውን መዘውርም የጨመረው ያው ጠጋኝ ነው ይባላል። የወጡት ዕቃዎች በአንድ የወተት ጣሳና በካርቶን ውስጥ አሉ። አሁን አንድ የአዲስ አበባ የስቱዲዮ ባለቤት ሊገዛን ይፈልጋል፤ ውጭ አገር የሚኖር ሌላ ሰውም በዘመድ በኩል ጠይቆናል። ወንድሜ «ያልተነካ ነው ብለን እንሽጠው፣ ማን ከፍቶ ያየዋል?» ይላል። አንድ ባለሙያ ደግሞ ከከፈልነው ወደ ፋብሪካ ይዞታው እንደሚመልሰው ነግሮናል። ምን ብናደርግ ይሻላል?

ምላሽ፦ ውድ ጠያቂ፣ በቅድሚያ የአባትዎን ነፍስ ይማር። ከጥያቄዎችዎ ሁለቱ አጭር መልስ ስላላቸው እነሱን ላስቀድም። አምፕሊፋየሩን «ያልተነካ» ብላችሁ አትሽጡት፤ ከመሸጡ በፊትም ወደ ፋብሪካ ይዞታው ለማስመለስ ገንዘብ አታውጡ። የቀረው ጉዳይ የተነካካ ዕቃ እንደተነካካ ሆኖ ዋጋውን ሳይጥል እንዴት ይሸጣል የሚለው ነው፤ እሱ ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል።

«ማን ከፍቶ ያየዋል?» ለሚሉት ወንድምዎ መልሱ «ጥሩ ዋጋ የሚከፍለው ሰው ሁሉ» ነው። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ደላላው «ሞተሩ ያልተነካ ነው» ስላለው ብቻ ኮፈኑን ሳያስከፍት ገንዘብ እንደማይቆጥር ሁሉ፣ የድሮ አምፕሊፋየር የሚያውቅ ገዢም ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠይቀው የጀርባው መዝጊያ እንዲፈታለት ነው። እንዲያውም መኪና የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩ የሰፈረበት ሊብሬ አለው። አምፕሊፋየር ሊብሬ ስለሌለው ማንነቱን የሚናገሩት በየዕቃው ላይ የታተሙት ቁጥሮች፣ የብየዳው መልክና የሻጩ ቃል ናቸው፤ የሻጩ ቃል ከቁጥሮቹ ጋር ከተጋጨ ገዢው ከዚያ በኋላ የምትሉትን እውነትም አያምንም። በራሴ የደረሰ ነገር ስላለ ነው ይህን አጥብቄ የምናገረው። ከብዙ ዓመታት በፊት የካሴት ማጫወቻ ስሸጥ፣ ስላልተጠየቅሁ ብቻ፣ ሞተሩ መለወጡን ሳልናገር ቀረሁ። ገዢው በሁለተኛው ሳምንት ከመሐል ሜዳ ድረስ ተሸክሞት መጣ። ማጫወቻው በደንብ ይሠራ ነበር፤ ሰውየውን ያስቆጣው ጉዳዩን ከሌላ ሰው አፍ መስማቱ ነበር፤ ገንዘቡንም የትራንስፖርቱንም መለስኩለት።

አሁን ወደ ዕቃው እንምጣ። ትዊን ሪቨርብ በጥቁር ፊት ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። ሠሪው ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1965 መጀመሪያ ለሲቢኤስ ኩባንያ ከተሸጠ በኋላ፣ በ1967 መጨረሻና በ1968 አካባቢ ፊቱ ወደ ብርማ ተቀይሮ እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ በዚያው መልክ ተመርቷል። ይህ ለእናንተ ሁለት ትርጉም አለው። ሰብሳቢዎች አጥብቀው የሚፈልጉት ጥቁሩን ፊት ስለሆነ፣ ብርማው ያልተነካ ቢሆን እንኳ የዚያን ያህል አያወጣም ነበር። በሌላ በኩል ደግሞ ብርማውን ፊት የሚገዙት በአብዛኛው ሊጫወቱበት የሚፈልጉ ሰዎች ናቸው፤ ለመስታወት ሣጥን አይገዙትም፤ በጥቁሩ ላይ ቢደረግ የሚያስለቅስ ለውጥ በብርማው ላይ ብዙ ጊዜ በይቅርታ ይታለፋል።

«ማስተር» ስለተባለው መዘውር የተነገራችሁ ነገር ስህተት ሊሆን ይችላል። ፋብሪካው ራሱ እ.ኤ.አ. ከ1972 ገደማ ጀምሮ ማስተር ቮልዩም (የጠቅላላውን ድምፅ መጠን የሚቆጣጠር መዘውር) ይጨምር ነበርና፣ ቃሉ በፊቱ ቆርቆሮ ላይ እንደሌሎቹ ጽሑፎች በዚያው ቀለምና በዚያው ቅርጽ ታትሞ ከሆነ ጠጋኙ አልነካውም ማለት ነው። በእጅ የተጻፈ፣ የተለጠፈ ወይም ጭራሹን ጽሑፍ የሌለው ከሆነ ግን የተባለው እውነት ነው። ቤተሰብ ሲነጋገር ያደገ ታሪክ ለጨዋታ ደስ ይላል፣ ለሽያጭ ግን አይሆንም። ያልተደረገን ለውጥ «ተደርጓል» ብሎ መሸጥም የራስን ገንዘብ መጣል ነው።

ዘመኑን ለማወቅ ሻንሲውን፣ ማለትም የውስጥ ዕቃው የተገጠመበትን የብረት አካል፣ መፍታት አያስፈልግም። የጀርባውን መዝጊያ ስታነሡ ትራንስፎርመሮቹ ወደ ታች ተንጠልጥለው ይታያሉ፤ በብረታቸው ላይ ቁጥር ታትሟል። በ606 የሚጀምር ከሆነ ሠሪው ሹማከር የተባለ ፋብሪካ ነው። ቀጥሎ ያለው አንድ አኃዝ የዓመቱ (እ.ኤ.አ.) የመጨረሻ አኃዝ ሲሆን ከዚያ የሚከተሉት ሁለቱ ሳምንቱን ይናገራሉ፤ ለምሳሌ 606418 ማለት 4 የሚያልቅ ዓመት 18ኛው ሳምንት ነው፤ ፊቱ ብርማ ስለሆነ ዓመቱ 1964 ሊሆን አይችልም፣ 1974 ነው። በስፒከሮቹ የብረት ጠርዝ ላይም ተመሳሳይ ቁጥር ይገኛል፦ ከስፒከር ሠሪዎቹ 220 ጄንሰንን፣ 465 ኦክስፎርድን፣ 137 ሲቲኤስን፣ 67 ኤሚነንስን ያመለክታሉ። እነዚህ ቁጥሮች የሚናገሩት የየዕቃዎቹን የልደት ቀን ነው፤ አምፕሊፋየሩ የተገጣጠመው ካልተለወጡት ዕቃዎች መካከል ከመጨረሻው ቀን በኋላ ነው። እያንዳንዱን ቁጥር በስልካችሁ ፎቶ አንሡ፣ በጣሳው ውስጥ ያሉትንም ጭምር።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ነገር ላስጠንቅቅ፦ ሻንሲውን የሚያወጣ ሰው ሙያውን የሚያውቅ ይሁን። በእንዲህ ዓይነቱ አምፕሊፋየር ውስጥ ከ400 ቮልት በላይ ይሄዳል፤ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ካፓሲተሮቹም ገመዱ ከግድግዳ ከተነቀለ በኋላ ይህንን ኃይል ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። ለዓመታት ሳይበራ የተቀመጠ ከሆነ ደግሞ «እስቲ ይሠራል ወይ» ብላችሁ በአንድ ጊዜ አታብሩት። ባለሙያው በመስመሩ ላይ የድሮውን ዓይነት ባለ ክር አምፖል በተከታታይ አያይዞ ቢያበራው፣ ውስጡ ሾርት ካለ አምፖሉ ደምቆ ይበራና ትራንስፎርመሩ ይተርፋል። ስፒከሮቹ ሳይያያዙም አይብራ፤ ድምፁን ወደ ስፒከሮቹ የሚያደርሰው የውጤቱ ትራንስፎርመር የሚቃጠልበት ቀላሉ መንገድ ያ ነው።

ከለውጦቹ ሁሉ ብዙ ነገር የሚወስነው የ220 ቮልቱ ነው። የአሜሪካ ገበያ አምፕሊፋየር የተሠራው ለ117 ወይም ለ120 ቮልትና ለ60 ሳይክል ነው፤ የእኛ መስመር 220 ቮልትና 50 ሳይክል ነው። ብዙ ሰው ስቴፕ ዳውን (ቮልት መቀነሻ) ገዝቶ ይገላገላል፤ ስቴፕ ዳውን ግን ቮልቱን እንጂ ሳይክሉን አይቀይርም፣ ለ60 የተሠራ ትራንስፎርመርም በ50 ሲሠራ ከተለመደው በላይ ይሞቃል። ስለዚህ አባትዎ ያስደረጉት ለውጥ በመሠረቱ አስተዋይነት ነበር። ጥያቄው የገባው ትራንስፎርመር በቂ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ነው። ትዊን ሪቨርብ 6ኤል6 የተባሉ አራት ትላልቅ ቲዩቦችና ስድስት ትናንሽ ቲዩቦች አሉት። ክሮቻቸውን በ6.3 ቮልት ለማሞቅ ብቻ ትላልቆቹ እያንዳንዳቸው 0.9 አምፔር፣ ትናንሾቹ 0.3 አምፔር ይስባሉ፤ ድምሩ 5.4 አምፔር ይሆናል። ከአሮጌ ሬዲዮ የወጣ ትራንስፎርመር ይህን ሸክም አይችልም፤ ለጥቂት ደቂቃ ያለምንም ችግር ይሠራና በምሽቱ አጋማሽ መሽተት ይጀምራል። ባለሙያው አምፕሊፋየሩ በርቶ፣ ቲዩቦቹ ሁሉ በቦታቸው ሆነው፣ 6.3 ቮልቱ ሳይወርድ መቆየቱን ቢለካና አንድ ሰዓት ያህል ከሠራ በኋላ ሙቀቱን ቢያይ ይበቃል። ያንን ቁጥር በወረቀት ያስፍርላችሁ። ለስቱዲዮው ባለቤት ከዚህ የበለጠ ማስታወቂያ የለም።

ከዚሁ ጋር የሚሄዱ ሦስት ጥቃቅን ነገሮች አሉ፣ ጥቃቅን ያልኳቸው በመጠን ብቻ ነው። አንደኛ፣ ቮልቱ ወደ እጥፍ ሲጠጋ ፊውዙ ወደ ግማሽ ገደማ መቀነስ ነበረበት፤ የድሮው ትልቅ ፊውዝ ገብቶ ከቀረ ጠባቂ የለም ማለት ነው። ሁለተኛ፣ በጀርባው ላይ ለሌላ ዕቃ ኤሌክትሪክ የሚሰጥ የአሜሪካ ሶኬት ይኖራል። ጠጋኙ ያንን ካልነቀለው አሁን በ117 ቮልት ሶኬት መልክ 220 ቮልት እየሰጠ ነው፤ አንድ ጊታሪስት ከአሜሪካ የመጣ ኤፌክቱን (የጊታር ድምፅ መቀየሪያውን) ቢሰካበት ያቃጥለዋል። ሦስተኛ፣ «ግራውንድ» የሚለው ማብሪያ ላይ ከመስመሩ ወደ ሻንሲው የሚሄድ ካፓሲተር አለ። የውጭ ጠጋኞች «የሞት ካፓሲተር» የሚሉት እሱ ነው፤ ሾርት ሲያደርግ ሻንሲው ራሱ ስለሚነዝር የጊታሩን ክር የያዘ እጅና ማይክ የነካ ከንፈር መካከል መብረቅ ያልፋል። ይህ ካፓሲተር ይውጣ፤ ገመዱም ምድር ያለው ባለ ሦስት ሽቦ ይሁን። ሰብሳቢ ነኝ የሚል ማንም ሰው ለደኅንነት በተሠራ ሥራ ዋጋ አይቀንስም። ቢቀንስም ለእሱ አትሽጡለት።

የማጣሪያ ካፓሲተሮቹ በቅርብ ዘመን ተለውጠው ከሆነ ጥቅማችሁ ነው፤ እነሱ በዕድሜ የሚደርቁ ዕቃዎች ናቸውና የ50 ዓመት ካፓሲተር «ኦሪጅናል» መሆኑ ክብር አይጨምርለትም። ሌላው ስፒከር ዋጋ ይቀንሳል፣ የውጤቱ ትራንስፎርመር ተለውጦ ቢሆን ኖሮ ደግሞ የበለጠ ይቀንስ ነበር። ደብዳቤዎ የጠቀሰው አንድ ትራንስፎርመር ስለሆነ የተለወጠው የመስመሩ፣ ማለትም ከግድግዳው ኤሌክትሪክ የሚቀበለው ብቻ ይመስላል፤ ቢሆንም በቁጥሩ አረጋግጡ። የማይመለሰው ጉዳት ቀዳዳው ነው። ስለ ልባሱ ብዙ አልልም፤ ቡናማነቱን የሚወድ ይገዛዋል፣ የማይወድም ከሥሩ ያለው ጣውላ ደኅና መሆኑን አይቶ ያልፋል።

ጣሳውን ግን እንደ ወርቅ ሣጥን ያዙት። የወጣው የአሜሪካ ትራንስፎርመር ካልተቃጠለ፣ ውጭ አገር ላለው ገዢ ከአምፕሊፋየሩ ቀጥሎ ትልቁ ዋጋ ያለው ነገር እሱ ነው፣ ምክንያቱም ወደ አገሩ መስመር መልሶ የሚገባው በእሱ ነው። የተቀደደ ስፒከርም ቢሆን ማግኔቱና ብረቱ ካለ ወረቀቱ እንደ አዲስ ይሠራለታልና እንዳይጣል። አርሲኤ፣ ጂኢ ወይም ሲልቫኒያ የሚል ጽሑፍ ያለባቸው አሮጌ ቲዩቦች ካሉ ባለሙያው ይለካቸው፤ ጤነኛ ከሆኑ በራሳቸው የሚፈለጉ ናቸው። መስታወታቸውን ስታጸዱ ጽሑፉን አትሹት፣ በጣት የሚለቅ ቀለም ነው።

ወደ ፋብሪካ ይዞታው እመልሰዋለሁ ስላላችሁ ባለሙያ፦ ክፉ ነገር አስቧል አልልም፣ ነገር ግን ሥራው ለእናንተ አያዋጣም። ቀዳዳው አይደፈንም፤ ልባሱም የፋብሪካ አይሆንም። የአሜሪካው ትራንስፎርመር ተመልሶ ከገባ ደግሞ እዚህ ያለው ገዢ የሚፈልገውን የ220 ቮልት ጥቅም በገዛ ገንዘባችሁ አጠፋችሁ ማለት ነው። ባለሙያውን ለምርመራና ለደኅንነቱ ሥራ ብቻ ቅጠሩት።

ከሁለቱ ገዢዎች አንዱን ስትመርጡ የሚገዙት ነገር አንድ እንዳልሆነ አስታውሱ። የስቱዲዮው ባለቤት ነገ ሰክቶ የሚቀዳበት ድምፅ ይገዛል። እሱ የሚያነጻጽረው ተመሳሳዩን ከውጭ ለማስመጣት፣ ለማጓጓዝ፣ ቀረጥ ለመክፈልና ወደ 220 ለማስቀየር ከሚያወጣው ጋር ነው፤ ስለዚህ የአባትዎ ለውጥ በእሱ ሚዛን ላይ ክብደት ይጨምራል። ውጭ ያለው ሰው ደግሞ ወደ 30 ኪሎ የሚጠጋ ዕቃ በአውሮፕላን አስጭኖ፣ ትራንስፎርመሩን መልሶ አስቀይሮ፣ ቀዳዳውን ታግሦ ነው የሚገዛችሁ፤ በራሱ አገር ብርማው ፊት ብርቅ ስላልሆነ ይህን ሁሉ ከዋጋው ላይ ይቀንሳል። እኔ ብሆን ለስቱዲዮው ሰው ቅድሚያ እሰጥ ነበር። ዋጋ ስትጠይቁም ሰዎች «እሸጣለሁ» ብለው የለጠፉትን ሳይሆን በእርግጥ የተሸጠበትን ተመልከቱ፤ በሁለቱ መካከል ሰፊ ልዩነት አለ።

ሽያጩ በጽሑፍ ይሁን። እንዲህ የሚል አንድ ገጽ ይበቃል፦ «ፌንደር ትዊን ሪቨርብ፣ ብርማ ፊት፣ የትራንስፎርመሩ ቁጥር ይህ፣ የስፒከሮቹ ቁጥር ይህ። የመስመሩ ትራንስፎርመር ለ220 ቮልት ተለውጧል፤ የቀድሞው አብሮ ይሰጣል። አንዱ ስፒከር የፋብሪካው አይደለም። በጀርባው አንድ ቀዳዳ ተበስቶ ማብሪያ ገብቷል፤ ሥራው ይህ ነው። ልባሱ ተቀይሯል። በዚህ ቀን ተመርምሮ የተገኘው ልኬት ይህ ነው።» ከሥሩ ሁለቱም ወገኖች ይፈርሙ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጩ ስለ ጉድለት ኃላፊ እንዲሆን ያዝዛል፤ ተዋዋዮቹ ይህንን ኃላፊነት በስምምነት ሊያስቀሩ ቢችሉም፣ ጉድለቱን አውቆ በተንኮል ለደበቀ ሻጭ ያ ስምምነት አይጠቅመውም። ዕቃው የውርስ ስለሆነ ወንድምዎና ሌሎች ወራሾች ካሉ እነሱም ይፈርሙ፤ ኋላ በእናታችሁ ቤት ስለ ጣሳው እንዳትጨቃጨቁ።

ስታጓጉዙት ቲዩቦቹን የነቀላችሁበትን ቦታ ቁጥር ሰጥታችሁ አውጧቸውና በጨርቅ ጠቅልሏቸው። መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር አስፋልት ቢሆንም ከመኪናው ጣሪያ ላይ አይጫን። በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ከቀዘቀዘ ክፍል ወጥቶ ሞቃት ቤት ሲገባ በብረቱ ላይ ጤዛ ስለሚይዝ፣ ከማብራታችሁ በፊት ለጥቂት ሰዓታት ይረፍ።

አንድ ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ይቀድማል። በጀርባው የገባው ማብሪያ ምን እንደሚሠራ በደብዳቤዎ አልነገሩኝም፤ ምናልባት እናንተም አታውቁ ይሆናል። ገዢን የሚያስፈራው ቀዳዳው ራሱ አይደለም፣ ሥራው ያልታወቀ ማብሪያ ነው። ኃይሉን በግማሽ የሚቀንስ ሊሆን ይችላል፣ አንዱን ስፒከር የሚያጠፋ ሊሆን ይችላል፣ ጨርሶ ምንም ላይ ያልተያያዘም ሊሆን ይችላል። የሬዲዮ ጠጋኙ በሕይወት ካሉ በዚህ ሳምንት ሄዳችሁ ጠይቋቸው፤ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ ሂዱ፣ አባትዎ ምን ብለው እንዳዘዟቸውም ያስታውሱ ይሆናል።